ሕፃን ይዞ ጣናን መሻገር፦ "በነፃ ነው" የሚሉሽን ብቻ አትስሚ

እታለም፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የ7 ወር ልጃችሁንና አማትሽን ይዛችሁ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር፣ ከዚያ በጀልባ የጣና ገዳማት ወዳሉበት ወደ ዘጌ ልትሻገሩ አስባችኋል። ለሕፃኑ ስንት ልጨምር ነው የምትይው። ከላይ የመለሱልሽ ሁሉ "ሕፃን በነፃ ነው፣ ምንም አትጨምሪ" ብለውሻል። እኛንም ለልጁ ብሎ የጠየቀን የለም። ብሩ የወጣው ልጁ በሚፈጀው ሰዓት ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም አስቀድሞ አይነግርሽም።

እኛ የከፈልነውን በብር አልነግርሽም። ቤንዚን በጨመረ ቁጥር የጀልባውም ዋጋ ስለሚጨምር ያሳስትሻል። ይልቅ ብሩ በየት በየት እንደሚወጣ ልንገርሽ።

1. ለቤተሰብ የሚያዘው ጀልባ ኮንትራት ነው። ዋጋው የጀልባው ነው እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም። ስለዚህ ስትነጋገሪ "ለአራት ሰው ስንት ነው" ብለሽ አትጀምሪ። "ደርሶ መልስ፣ ከነቆይታው፣ ይህን ያህል ሰዓት" ብለሽ ጀምሪ። ቆይታ (ባለጀልባው ወርዳችሁ እስክትመለሱ የሚጠብቅበት ሰዓት) የምትለዋን ነገር አጥብቀሽ ያዣት። እኛን ያነጋገረን ደላላ "ለሕፃኑማ ምንም አንጨምርም፣ የኔ እናት" እያለ አፉን አጣፍጦ ነው የተቀበለን። ባለቤቴ ተከራክሮ ዋጋ አስቀነሰ፣ ተስማማን፣ ተሳፈርን። ስለ ቆይታ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ዘጌ ያለው ገዳም፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ከጀልባ እንደወረድሽ የምትገቢበት አይደለም። በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ ትሄጃለሽ። መንገዱ ጥላ ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን ድንጋያማ ነው። ልጅ ያዘለች ሴትና ጉልበታቸውን የሚያማቸው አማት እንዴት አድርገው ይሮጣሉ? ልጄ መሃል መንገድ ላይ ራበው፣ ቡና ሥር ቁጭ ብዬ አጠባሁት። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ ፓምፐርሱ ሞላ። አንዲት የዘጌ እናት ከቤታቸው ዱካ አውጥተው "ተቀመጪ ልጄ፣ ምን ያስቸኩልሻል" አሉኝና ውኃ በጣሳ ይዘው እጄን አስታጠቡኝ። እግዜር ይስጣቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ አማቴ ስለታቸውን አገቡ። ለዚሁ ልጅ የተሳሉት ስለት ነው። ከዚያ የመቅደሱን ግድግዳ ዙሪያውን የሞላውን ሥዕል በየተራ እየተሳለሙ ቆሙ። እሳቸውን "በቃ እንሂድ" ብሎ ማን ይጎትታል? እኔ አላደርገውም። አንቺም አታደርጊውም።

ስንመለስ ባለጀልባው ገመዱን ከግንዱ ፈትቶ በእጁ እንደያዘ "በጣም ቆይታችኋል፣ የቆይታ ትከፍላላችሁ" አለን። የጠየቀን የጀልባውን ዋጋ ግማሽ ያህል ነው። ሕፃን ታቅፈሽ፣ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ፣ ሌላ ጀልባ በአጠገብሽ ሳይኖር ምን ብለሽ ትከራከሪያለሽ? ባሕር ዳር ስንደርስ ተከራይተን ወደመጣንበት ቢሮ ገባሁ። ሰውዬው ከስልኩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "ድሮስ ሕፃን ይዘሽ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?" አለኝ። ይህን ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል። "የኪዳነ ምሕረትን ስለት ላደርስ ነው የሄድኩት፣ አንተ ግን ዋጋህን አስቀድመህ መናገር ነበረብህ" ብዬ ሰው ሁሉ እየሰማ ነገርኩት። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ከጠየቁን ቀንሰው ተቀበሉን፣ ያም ቢሆን ያለ አግባብ የወጣ ብር ነው። ከዚያ ወዲህ ከዘመዶቼ ሕፃን ይዞ የሚሄድ ሁሉ መጀመሪያ ለእኔ ይደውላል። የመነሻውን ሰዓት፣ የቆይታውን ልክና ጠቅላላ ዋጋውን በወረቀት አጽፈው፣ የባለጀልባውን ስልክ ይዘው ይሳፈራሉ። አንዳቸውም የቆይታ ተብለው ተጠይቀው አያውቁም።

2. "ሦስት ገዳም እናዞራችኋለን" ሲሉሽ የትኞቹን ብለሽ ጠይቂ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። እዚያ ብትሄዱ ባልሽ ይሳለማል፣ አንቺና አማትሽ ልጁን ይዛችሁ ጀልባው ውስጥ ትጠብቃላችሁ። ብሩ ግን የሁላችሁም ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ዘጌ ላይ ናቸው፣ ሴትም ትገባለች፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ይደረሳል። እነሱ ይበቃሉ። ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው፣ በጣም ያምራል፣ ሴትም አይከለክልም፣ ግን ደቅ ደሴት ላይ ስለሆነ ሩቅ ነው። ልጁ ሲያድግ ትሄዱበታላችሁ። (አራስ ይዛችሁ ለምታስቡ ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ ወንድ 40፣ ሴት 80 ቀን ሞልቷት ክርስትና ሳትነሳ እናትየዋም ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ደጅ ለመቆም ያን ሁሉ ብር አታውጡ።)

3. ነፋሱ። ጣና ጠዋትና ከሰዓት አንድ አይደለም። ማለዳ እንደ መስታወት የተኛው ውኃ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሳበት ትንሹን ጀልባ ያንገላታዋል፣ ውኃውም እየተረጨ ይገባል። ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ያን ሁሉ መንገድ በማዕበል ሕፃን ታቅፎ መመለስ አያስመኝም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነስታችሁ ከ6 ሰዓት በፊት ተመለሱ። ይህ ማለት ደግሞ በዋዜማው ባሕር ዳር ማደር አለባችሁ ማለት ነው። ከደብረ ማርቆስ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛችሁ በዚያው ቀን ልሻገር ብትሉ የምትደርሱት ነፋሱ ሲነሳ ነው። እንግዲህ የልጁ ትልቁ ወጪ ይህ የአልጋ ነው፣ ከአሁኑ ያዢው። ስትይዙ አጎበር ያለው ክፍል ይሁን፣ ባሕር ዳር ወባ አለ። ፍል ውኃ በፔርሙዝ የሚሞሉልሽ መሆኑንም ቀድመሽ ጠይቂ።

ጀልባው ጣሪያ ያለው ይሁን፣ ዋጋው ቢበልጥም። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ፀሐዩ ከላይም ይመጣል፣ ከውኃውም ይነጥራል። ላይፍ ጃኬት አለን ይሉሻል። ለእኛ ያመጡልን ሁሉ የአዋቂ ነበር፣ ልጁን ብናለብሰው ውስጡ ጠፍቶ ይቀራል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ በልጁ ኪሎ ልክ አስመጪ። እኔ ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ሳይሰሰት ብር መውጣት ያለበት እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ሌላው፣ ጀልባ ላይ ልጁን በአንቀልባ አትዘይው። ዘመዶቼ "አዝለሽው እጅሽ ይረፍ" ይላሉ፣ ግን እግዜር አያድርገውና ጀልባው ቢገለበጥ ፈትተሽ አታወጪውም። ታቀፊው፣ አንቀልባውን ዘጌ ስትወርዱ ታወጪዋለሽ። ልጁን በጣና ውኃም አትጠቢው፣ ቢልሃርዚያ አለበት። ፓምፐርስና የልጁን ምግብ ከቤትሽ ያዢ፣ የቆሸሸውን በፌስታል ቋጥረሽ ይዘሽ ተመለሺ። የገዳም መሬት ነው።

አማትሽ ውኃ የሚፈሩ ከሆነ ዘጌ በመኪናም ይደረሳል። እንዲያውም እሳቸው በመኪና ሄደው እናንተ በጀልባ ብትገናኙ ከሁለት ወገን ጭንቀት ትድኛለሽ። በየትኛውም ብትሄዱ ግን መንገዱ በዚያ ሰሞን እንዴት እንደሆነ ሰሞኑን የተጓዘ ሰው ጠይቁ።

ወሩን አልጻፍሽም። ለየካቲት 16 አስባችሁ ከሆነ የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ነው፣ ሕዝቡ ብዙ ነው፣ በዚያ ግፊያ መሃል ሕፃን ይዞ መግባት ይከብዳል። በዓሉን የሚጠብቅ ስለት ከሌለባችሁ መጋቢት 16 ሂዱ፣ ኪዳነ ምሕረት በየወሩ አለች፣ ሐይቁም ያኔ ገና ክረምቱ አልገባበትም። ወይም ግራ ከገባሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ወረቀቱ ላይ ምን ምን እንደምታጽፊ አንድ በአንድ እልክልሻለሁ።