ባሌስትራ ከማስጨመርህ በፊት

ወንድሜ፣ ከፍኖተ ሰላም የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። የድሮዋ ላንድክሩዘር ፒክአፕህ፣ ባለ 45 ሞዴሏ፣ ከፍ እንድትል ተብሎ አክስሏ ከባሌስትራው (ከተደራረበው ጠፍጣፋ ሞላ) ሥር ገብቷል። አሁን ባዶዋን ስትሄድ ትዘላለች፣ ስትነሳ ከኋላ ትመታለች፣ 60 ላይ ስትደርስ ወንበሩ ድረስ ትንቀጠቀጣለች። መካኒኩ ደግሞ አንድ ባሌስትራ ይጨመርባት ብሎሃል። እባክህ አታስጨምር። ባዶዋን የምትዘል መኪና ላይ ባሌስትራ መጨመር ይበልጥ ያደርቃታል እንጂ አያረጋጋትም።

የእኔም እንዳንተዋ ናት። ከቢቸና ደጀን ጤፍ እጭንባታለሁ። ልክ አንተ እንደምትለው ስትንቀጠቀጥ ክሮቼራ (የማስተላለፊያ ዘንጉን የመስቀል መጋጠሚያ) ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፣ ጎማ ባላንስ አስደረግኩ፣ ባሌስትራም አስጨመርኩ፤ ብዙ ገንዘብ ወጣብኝ፣ መንቀጥቀጡ ግን አልቀረም። ጥፋቱ የተገኘው በነጻ በሚታይ ቦታ ነበር። ትራስሚሽኑ፣ ማለትም ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ኋላ አክስል የሚሄደው ዘንግ፣ ተፈትቶ ሲገጠም ክሮቼራ የሚይዙት የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች መስመር ተሳስቷል። መኪናህ ሥር ግባና ተመልከት፦ የፊተኛውና የኋለኛው ሹካ በአንድ መስመር መቆም አለባቸው። ካልቆሙ ዘንጉ የሚገጣጠምበትን ጥርስ አላቀህ አስተካክለህ መልሰህ ግጠመው።

ሹካው ትክክል ከሆነ ወደ ዘንጉ ማዕዘን እለፍ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው። ባለ 40 ሞዴል የሚባሉት ላንድክሩዘሮች፣ 45ቷም ከእነሱ ናት፣ ከፋብሪካ ሲወጡ ባሌስትራቸው ከአክስሉ በታች ነው። ወደ ላይ ሲዞር መኪናው ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ይላል፣ የባሌስትራው መቀመጫም አክስሉ ላይ እንደ አዲስ ይበየዳል። በያጁ መቀመጫውን በዓይን ገምቶ ከበየደው የዲፈረንሻሉ አፍንጫ (ዘንጉ የሚታሰርበት የፊት ጫፉ) ወዳልሆነ አቅጣጫ ያያል። ክሮቼራ ሲታጠፍ ዘንጉ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ይህን የሚያጠፋለት በሌላው ጫፍ ያለው ክሮቼራ በእኩል ማዕዘን ሲታጠፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘንጉ በሁለቱ ጫፍ የሚታሰርባቸው ክብ ብረቶች፣ ከካምቢዮው ጀርባ ያለው መውጫ ፍላንጅና የዲፈረንሻሉ ፍላንጅ፣ ትይዩ መሆን አለባቸው። መኪናዋን ሜዳ ላይ፣ በጎማዋ ቆማ፣ የስልክህን ውሃ ልክ በሁለቱም ላይ አስደግፈህ ለካ። ስትነሳ ባሌስትራው ስለሚጠማዘዝ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል፤ ለዚህ ሲባል 1 ወይም 2 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ ይሻላል። በጣም ቀና ካደረጉት ደግሞ አፍንጫው ውስጥ ያለው የፊተኛው ኩሽኔታ ዘይት ያጥረዋል።

ስትነሳ የምትመታው ነገር ከዚሁ ከባሌስትራው መጠማዘዝ ይመጣል፣ ወይም ስታፋው (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው የU ቅርጽ ቡሎን) ላልቷል። ስታፋ ሲላላ አክስሉ ይንሸራተታል፣ መሃል ያለው ቡሎን ብቻውን ይሸከምና ይቆረጣል። በሁለቱም ጎን ከፊተኛው የባሌስትራ ፒን እስከ አክስሉ መሃል በሜትር ለካ። ልዩነት ካለ መኪናዋ በጎን እየሄደች ነው ማለት ነው። ቦኮላዎቹንም (በባሌስትራው ጫፎች ውስጥ ያሉትን ቀለበቶች) በብረት እየነቀነቅህ እያቸው፤ ያለቀ ካለ ቀይረው።

ለዝላይዋ አሞርዛተሩን (የዝላይ ማብረጃውን) ተመልከት። የድሮው ርዝመት እንዳለ ከቀረ፣ ከፍ ባለች መኪና ላይ ከሞላ ጎደል ተዘርግቶ ይቆማል፤ ጉድጓድ ስትገባ ማሰሪያውን ይገነጥላል። ረዘም ያለ ግዛ። ባሌስትራው ግን ራሱ ተሰንጥቆ ከሆነ ማንም በኤሌክትሪክ አይበይድልህ። ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ይወስደዋል፣ ያው ቦታ እንደገና ይሰበራል።

አንድ ነገር አደራ። መኪናዋን በክሪክ አንስተህ አክስሉ ወደ ታች ሲንጠለጠል የፍሬኑ ጎማ ቱቦ እንዳይወጠር እይ። ከፍ ባለ መኪና ላይ ብዙዎች ይረሱታል። ጤፍ ጭነህ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ቱቦው ቢበጠስ ምን እንደሚሆን ታውቀዋለህ። ማርሽ አስገብተህ ውረድ፣ ከፍታዋን ተማምነህም ከመኪናዋ የጭነት ልክ በላይ አትጫን።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ስታፋውን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሄደህ እንደገና አጥብቀው፤ አዲስ ስታፋ መላላቱ አይቀርም። ለአሁኑ ግን ምንም ሳትገዛ ሹካውን እይ፣ ሁለቱን ዲግሪዎች ለካና ቁጥሩን ላክልኝ። መቀመጫው ተቆርጦ መበየድ ይኑርበት አይኑርበት ከዚያ ልነግርህ እችላለሁ።