ባለቤቴ ፒኤችዲዋን ልትጨርስ ነው፤ በምን ላግዛት?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። በትምህርት ፈቃድ ወጥታ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፒኤችዲዋን ስትማር አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ዳታው ተሰብስቦ ተተንትኗል፤ የቀረው መጻፉ ነው። የሰባትና የአራት ዓመት ልጆች አሉን። ማታ ማታ ላፕቶፗን ከፍታ ታመሻለች፤ ምዕራፉ ግን ፈቀቅ አይልም። «መቼ ነው የምትጨርሺው?» ስላት ትቆጣለች። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ሙያዋን አላውቀውም። ምን ላድርግላት?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በመጀመሪያ ያንን ጥያቄ ይተዉት። መልሱ በእሷ እጅ ብቻ አይደለም። አማካሪዋ ረቂቁን አንብቦ እስኪመልስ፣ ፈታኞች ተመድበው እስኪያነቡ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። ይልቅ ቅዳሜ ቅዳሜ «ለሚቀጥለው ሳምንት የትኛውን ክፍል ይዘሻል?» ይበሏት። እሱን መመለስ ትችላለች።

ማታ የማይሄድላት አእምሮዋ ደክሞ ስለሚቀመጥ ነው። የሚጽፍ ሰው ትናንት የት እንዳቆመ አስታውሶ ሐሳቡን እስኪይዝ ጊዜ ይፈጅበታል። በመሃል ልጅ ከጠራት እንደገና ከዜሮ ትጀምራለች። ስለዚህ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት የማይቆራረጥ ጊዜ ያስፈልጋታል። እሑድን ሙሉ ቀን ከመስጠት ይህ ይሻላል። ለብዙ እናቶች የሚመቸው ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ይህ የሚሆነው ግን ልጆቹን ቀስቅሶ፣ አልብሶ፣ ቁርስ አብልቶና ምሳ ዕቃ ቋጥሮ ትምህርት ቤት ማድረሱን እርስዎ ከያዙት ነው። ካልሲ የት እንዳለ እንኳ አይጠየቅም። ማታ ደግሞ 3 ሰዓት ላይ መተኛት አለባት።

ለቅሶው፣ ክርስትናው፣ ማኅበሩና ዕድሩም ጊዜ ይበላል። እርስዎ ይሂዱላት፤ ለዘመድም፣ በተለይ ለእናትዎ፣ «እኔ ነኝ ቤት ያስቀረኋት» ብለው በራስዎ አፍ ይንገሩ። እሷ ስትለው «ኮራች» ይባላል፤ እርስዎ ሲሉት ግን ይከበራል።

ሙያዋን ባያውቁትም ሒሳብ ማመሳከር የለመደ ዓይን አለዎት፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ያለቀውን ምዕራፍ ያትሙና ባለቀለም እርሳስ ይያዙ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሰውን እያንዳንዱን ስምና ዓመት ከሬፈረንስ ዝርዝሩ ፈልገው ሁለቱም ቦታ ምልክት ያድርጉ። ሲጨርሱ ምልክት ያላገኘው ሁሉ ችግር አለበት፤ ወይ ከዝርዝሩ ቀርቷል፣ ወይ ከጽሑፉ ተሰርዞ ዝርዝሩ ላይ ተረስቷል። ዓመቱ አንድ ቦታ 2015፣ ሌላ ቦታ 2016 ሆኖ ያገኙታል። የእኛ ስም በተለይ ያስቸግራል፤ አንዱ ጸሐፊ እዚህ በራሱ ስም፣ እዚያ በአባቱ ስም ተጠቅሶ ሁለት ሰው ይመስላል። ቀጥሎ ቁጥሮቹን ይዩ፤ ጽሑፉ 62.4 በመቶ ሲል ሠንጠረዡ 64.2 ይላል፣ ድምሩም 100 አይመጣም። ሁሉንም ምልክት ያድርጉ እንጂ አያርሙ፤ ዓረፍተ ነገሯንም አይንኩ። ሥራው የእሷ ነው፤ በፈተናው ቀን የምትጠየቀውም እሷው ናት።

ፋይሉ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፦ ላፕቶፑ ላይ፣ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ጎግል ድራይቭ ላይ። ማተሚያ ቤት ውሎ የሚመጣ ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ስለሚመለስ ብቸኛው ቅጂ እሱ አይሁን። የፋይሉ ስም ላይ ቀን ይጻፍበት፤ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ሁለት» የሚል ስም ከአማካሪዋ ጋር የተለያየ ረቂቅ ያስይዛል።

በርካታ የትምህርት ክፍሎች ከዲፌንስ (ጽሑፏን በፈታኞች ፊት አቅርባ ከምትጠየቅበት ቀን) በፊት በጆርናል የታተመ ወይም ተቀባይነት ያገኘ ጽሑፍ ይጠይቃሉ። ይህን አሁኑኑ ከትምህርት ክፍሏ ታረጋግጥ፤ የጆርናል ግምገማ ወራት ስለሚወስድ ዘግይቶ የተላከ ጽሑፍ ዲፌንሱን ያዘገያል። በዚህ ጊዜ በኢሜይል እያሞካሸ «በሳምንት እናትማለን፣ ክፈሉ» የሚል ይመጣል፤ ከእሱ ይራቁ። ከትክክለኛ ጆርናሎችም የሚያስከፍሉ አሉ፤ ክፍያቸውም ከበድ ይላል፤ ግን ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚልኩ ተመራማሪዎች ክፍያውን ይተዋሉ ወይም ይቀንሳሉ። ጥያቄው የሚቀርበው ጽሑፉ ሲላክ ነው፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብዙዎቹ አይሰሙም።

ዲፌንሱ ሲቃረብ ሰዓት ይዘው ያዳምጧት፤ ከተፈቀደላት ደቂቃ ካለፈች የትኛው ስላይድ ላይ እንደቆየች ይንገሯት። ድግሱን ግን ለዚያ ቀን አያድርጉት። ብዙ ጊዜ «አልፈሻል» ከተባለ በኋላም የእርማት ዝርዝር ይሰጣል፤ እርማቱ ተሠርቶ እስኪፈረም ዲግሪው አይሰጥም። በደስታው መሃል እርማቱን ለወራት ያስቀመጡ ብዙዎች ናቸው። በዚያው ሳምንት አስተያየቱ፣ የተደረገው ለውጥና ገጹ በሦስት ዓምድ የሚጻፍበት ሠንጠረዥ ታውጣ፤ የንጋቱ ሰዓትም ፊርማው እስኪገኝ ይቀጥል።