ደሴ ላይ ካሪካቸርና የሞዴል ንድፍ ለመማር ላሰቡት እህታችን

ሰላም እህቴ። የመጽሐፍ ሥዕል እንደሚሠሩ ገልጸው፣ ካሪካቸር (የሰውን መልክ ልዩ ገጽታ አጋንኖ የሚያሳይ ሥዕል) ለመማር አዲስ አበባ ሄዶ መመዝገብ ይሻል እንደሆነ፣ ወይም ደሴ ላይ ሞዴል በባህል ልብስ የሚቀመጥበት የንድፍ ክፍል ማቋቋም ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ሁለቱንም ስለሞከርኩ የእኔን ኪሳራ እርስዎ እንዳይደግሙት በዝርዝር እመልሳለሁ።

አንደኛ፣ ከፎቶግራፍ ብቻ ለሚያስተምር ክፍል ገንዘብ አይክፈሉ። ሦስት ወር ሙሉ የታዋቂ ሰዎችን ፎቶግራፍ እየገለበጥኩ አፍንጫ ሳስረዝም ቆይቼ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስመለስ፣ ፒያሳ ላይ ቡና የሚጠጣ አንድ ሰው መሣል አቃተኝ። ካሪካቸር የሚሠራው በአፍንጫ፣ በዓይንና በአገጭ መካከል ያለውን ርቀት ከአማካይ ፊት ጋር አመዛዝኖ፣ ልዩነቱን በመግፋት ነው። ቃሉ የመጣው መጫን የሚል ትርጉም ካለው «ካሪካሬ» ከሚለው የጣሊያንኛ ግስ ነው፤ ዓይን በጭንቅላት ቁመት እኩሌታ ላይ እንደሚያርፍ፣ የቆመ ሰው ቁመትም የጭንቅላቱን ርዝመት ሰባት ተኩል ጊዜ ያህል እንደሆነ ያልለመደ እጅ ደግሞ ይህን ጭነት አይችለውም።

ሁለተኛ፣ እርቃኑን የሚቀመጥ ሞዴል አይገኝም ብለው አይተዉት። እ.ኤ.አ. በ2005 ሠዓሊዋ ሞሊ ክራባፕል በኒው ዮርክ የጀመረችው የንድፍ ምሽት ሞዴሎቹን በመድረክ ልብስ የሚያቀርብ ነበር፤ ወሎ ደግሞ በልብስም በዜማም አይታማም። በመጀመሪያው ምሽት ማሲንቆ ተጫዋች ጋብዘን፣ እሱ አምባሰልን ሲጫወት በ30 ሰከንድ፣ ከዚያም በ2 ደቂቃ፣ በመጨረሻም በ20 ደቂቃ ሣልነው። የጋቢ እጥፋት የሚወርደው ከትከሻ፣ ከክርንና ከጉልበት ስለሆነ፣ እነዚህን ሦስት ቦታዎች አስቀድሞ ያላገኘ ሠዓሊ ባዶ ጨርቅ ሥሎ ይወጣል።

ሦስተኛው ስለ አዳራሽ ኪራይ ነበር፤ ነገር ግን የእኔ አዳራሽ የታጣው በገዛ ሥዕሌ ምክንያት ስለሆነ ታሪኩን ልንገርዎት። በሁለተኛው ወር በሰኞ ገበያ እህል የሚነግዱ አንድ አዛውንት ተቀመጡልን። በሰዓት ተስማምተን ከፈልናቸው፤ ሥዕሉ የት እንደሚሰቀል ግን አልተነጋገርንም። የጎደሉ ጥርሶቻቸውን አጉልቼ አገጫቸውን እስከ ደረታቸው ያወረድኩበት ሥራ ከሁሉ የበለጠ ስለመሰለኝ፣ እሳቸው ሳያዩት በአዳራሹ መግቢያ ላይ ሰቀልኩት። በሦስተኛው ቀን ልጃቸው አይቶት «አባቴን አዋረዳችሁ» ብሎ መጣ። የአዳራሹ ኃላፊ የእኛን ቃል ሳይሰማ ቁልፉን ተቀበለን፤ ያስያዝነውን 6,000 ብር ልጠይቅ ስሄድ «ደብዳቤ አምጣ» አለኝ፣ ደብዳቤውን ሳመጣ «ማኅተም የለውም» አለኝ፣ በሰባት ምልልስ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ በል አላለኝም። ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ አሁንም ያንገበግበኛል።

አዛውንቱ ዘንድ ሽማግሌ ልኬ፣ ቡና ተፈልቶ ስንታረቅ፣ «ፊቴን አዋስኳችሁ እንጂ አልሰጠኋችሁም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሱቃቸው ድረስ እየሄድኩ ስመለከታቸው፣ ዋጋ ሲከራከሩ ግራ ቅንድባቸውን ወደ ላይ እንደሚያነሡና አንገታቸውን እንደሚሰብሩ አየሁ። እንደገና ሲቀመጡልኝ ጥርሱን ትቼ ያንን ቅንድብ ገፋሁት። ሳሳያቸው ከት ብለው ሳቁ፤ ልጃቸውም ራሱ ወስዶ ሱቁ ውስጥ ሰቀለው። ዛሬ በሠርግ ላይ እንግዶችን በሰባት ሰባት ደቂቃ እሥላለሁ፤ ሰውን በጉድለቱ ሳይሆን በልማዱ ስለምይዘው አንድም ቅሬታ ደርሶብኝ አያውቅም።

ስለዚህ ደሴ ላይ ይጀምሩ። ከሞዴሉ ጋር በሚፈራረሙት ወረቀት ላይ ክፍያውንና ሥዕሉ ከመሰቀሉ በፊት ራሱ እንደሚያየው ያስፍሩ፤ ለአዳራሹ ማስያዣም ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳይቀበሉ አንድ ብር አይስጡ። በመጀመሪያው ምሽት የሚቀመጥልዎ ሰው ካጡ፣ ጋቢዬን ለብሼ እኔ መጥቼ እቀመጣለሁ።