ቁርጥ ያለ ቀጠሮ ሳይዙ ወጥመድ አይዘርጉ

ውድ እህቴ፣ በመኖሪያ ሕንጻዎ ጀርባ የሚኖሩትን 9 ባለቤት አልባ ድመቶች አስመክነው ወደ ቦታቸው ለመመለስ እንዳሰቡ፣ ነገር ግን ሙሉ ቀን ሥራ ስለሚውሉ ከየት መጀመር እንዳለብዎ እንደቸገረዎት ጽፈዋል። እኔም ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ የምውል፣ ሁለት ልጆች የማሳድግ ሰው ነኝ። በግቢያችን የነበሩትን 11 ድመቶች አስመክኜ ለመጨረስ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ፈጅቶብኛል። ከዚያ ውስጥ 7 ወሩ የባከነው በአንድ ስሕተት ምክንያት ስለሆነ፣ እርስዎ ያንኑ እንዳይደግሙት የደረሰብኝን በዝርዝር እነግርዎታለሁ።

አንደኛ፣ ከእንስሳት ክሊኒኩ ቁርጥ ያለ ቀጠሮ ሳይዙ አንድም ወጥመድ (ድመቷ ስትገባ በሩ የሚዘጋ የሽቦ ሳጥን) አይዘርጉ። ቁርጥ ያለ የምለው ቀኑና ሰዓቱ፣ የሚቀበሏቸው ድመቶች ብዛት፣ ድመቶቹ በእጅ የማይያዙ መሆናቸውና በወጥመድ ውስጥ እንዳሉ እንደሚመጡ ተነግሮ፣ ያነጋገረዎት ሰው ስም ተይዞ፣ ቢቻል በጽሑፍ መልእክት የተረጋገጠ ቀጠሮ ነው። እኔ ግን ስልክ ደውዬ «አምጧቸው፣ እንሠራቸዋለን» የሚል ቃል ስለሰማሁ ብቻ ተማምኜ ሐሙስ ማታ 4 ወጥመዶች ዘረጋሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሳይሞላ አራቱም ወጥመዶች ድመት ያዙ፤ ያን ሌሊት የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳውም።

በማግስቱ ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ ስደርስ እንግዳ ተቀባይዋ ከምትጽፈው ቀና ሳትል «የጎዳና ድመት አንቀበልም» አለችኝ። በስልክ የተነገረኝን ባስረዳት «ማን ነው ያለዎት?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ስሙን ስላልያዝኩ የምመልሰው አልነበረኝም። ሐኪሙን ላነጋግር ብዬ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ቆምኩ፤ ሐኪሙ አልወጣም፤ ይልቁንም ወጥመዶቹ የደንበኞችን መንገድ ስለያዙ ከበሩ ላይ እንዳነሣቸው ታዘዝኩ። አለመቀበል መብታቸው ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ሌላ ቀን እንኳ ሳይሰጡኝ፣ ወዴት መሄድ እንደምችልም ሳይጠቁሙኝ ማባረራቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሌሎች ሁለት ክሊኒኮች ደውዬ ሁለቱም የሚቀርበው ክፍት ቀን ከሳምንት በኋላ መሆኑን ነገሩኝ። ድመቶቹ ከአንድ ቀን በላይ ምግብ አልቀመሱም ነበር፤ የሥራ ሰዓቴም አልፎ ነበር። ስለዚህ ወደ ግቢው መልሼ ለቀቅኋቸው።

ከአራቱ አንዷ ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ጠጉር የተቀላቀለባት፣ አብዛኞቹን የግቢውን ድመቶች የወለደችው እናት ነበረች። (ባለ ሦስት ቀለም ድመት ካዩ ሴት ናት ብለው ይያዙ፤ ወንድ ሆኖ የሚገኘው እጅግ በጣም ጥቂቱ ነው።) በሩን ስከፍትላት በአንድ ዝላይ አጥሩን አለፈች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ወጥመድ ባለበት በአሥር እርምጃ ርቀት እንኳ አልደርስ አለች። ድመት የምታረግዘው 9 ሳምንት ገደማ ብቻ ነው፤ ልጆቿን እያጠባች ሌላ ልታረግዝ ትችላለች፤ የወለደቻት ሴት ልጅም 4 ወይም 5 ወር ሲሆናት ራሷ ለማርገዝ ትደርሳለች። በ7 ወር ውስጥ እናቲቱ ሁለት ጊዜ ወለደች፤ መጀመሪያ 4፣ ቀጥሎ 5። ከዘጠኙ ሦስቱ ዓይናቸው በእዥ ተጣብቆ፣ ማጥባቱም አልበቃቸው ብሎ ሞቱ፤ አራቱን በየቤቱ እየዞርኩ ሰው እንዲወስዳቸው አደረግሁ፤ ሁለቱ በግቢው ቀሩ። አንድ የስልክ ጥሪ ማረጋገጥ ቢሆንልኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ሁለተኛ፣ ድመቶቹን የሚመግበው ሰው እርስዎ ብቻ እንዳይመስልዎት። ወጥመድ ከመዘርጋትዎ በፊት ባለው አንድ ቀን ምግብ መቋረጥ አለበት፤ የጠገበ ድመት ወጥመድ አይገባም፣ ሆዱ ሙሉ የሆነ ድመትም በማደንዘዣ ጊዜ ሊያስመልሰውና ሊታነቅ ይችላል። ውኃ ግን አይከልከሏቸው። በሁለተኛው ዙር ሙከራዬ እስከ እኩለ ሌሊት ቁጭ ብዬ አንድም ድመት ሳይመጣ ቀረ። ምክንያቱን ያወቅሁት በማግስቱ ነው፤ ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት «ዛሬ ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚጮኹት?» ብለው አዝነው ሙሉ ሣህን አቅርበውላቸው ኖሯል። ሄጄ በእርጋታ ካስረዳኋቸው በኋላ ከማንም የበለጠ ረዳቴ ሆኑ፤ የትኛው ድመት በየትኛው ሰዓት በየት በኩል እንደሚመጣ፣ የትኛዋ ጡቷ እንደወረደ የሚያውቁት እርሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ከወጥመድ በፊት በየበሩ አንኳኩተው ማን እንደሚመግብ ይጠይቁ። «አስወግዱልን» የሚል ጎረቤት ከገጠመዎትም ድመቶቹ ቢነሡ ምግቡና መጠለያው እስካለ ድረስ ሌሎች ያልመከኑ መጥተው ቦታውን እንደሚይዙ፣ ሲመክኑ ግን ሌሊት የሚሰማው ጩኸትና ጠብ፣ ወንዶቹም በየበሩ የሚረጩት ሽንት እንደሚቀንስ ይንገሩት። የእኔን ጎረቤቶች ዝም ያሰኘልኝ ክርክር ይህ ነው።

ሦስተኛው የወጥመዱ አያያዝ ነው። ከቀጠሮው ሳምንት በፊት የወጥመዱን በር እንዳይዘጋ በሽቦ አስረው በየማታው ምግባቸውን እዚያ ውስጥ ይስጧቸው፤ ይለምዱታል። በቀኑ ወለሉ ላይ ጋዜጣ ያንጥፉ፤ በዘይት የተዘፈዘፈ ሰርዲን ወይም ቱና ሲረገጥ በሩን ከሚዘጋው መርገጫ በስተጀርባ፣ ከወጥመዱ ጥግ ያስቀምጡ። ወጥመዱ ሳይዋልል በደልዳላ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ ትተውትም አይሂዱ። ድመቷ ገብታ በሩ ሲዘጋ ሽቦውን እየመታች ትገለባበጣለች፤ ወዲያው ሙሉውን ወጥመድ በአንሶላ ይሸፍኑት፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጸጥ ትላለች። እጅዎን በምንም ምክንያት አያስገቡ። ከነከሰችዎት ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አጥበው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል።

እናቲቱን በመጨረሻ የያዝኳት በዚህ ዓይነቱ ወጥመድ አልነበረም። አንድ አናጺ ወለል የሌለው፣ ላዩና ጎኑ በመረብ የተሸፈነ፣ በአንድ ጎኑ በር ያለው ሰፊ የእንጨት ክፈፍ ሠራልኝ። በአንድ ወገን በበትር ደግፈን ቀና አደረግነው፤ በትሩ ላይ ረጅም ገመድ አሰርን። ለ12 ቀናት ከሥሩ መገብኳት እንጂ ገመዱን አልነካሁም። በ13ኛው ቀን ማታ፣ ጠዋት የሚጠብቀኝ የተረጋገጠ ቀጠሮ በስልኬ ላይ እያለ፣ ከመኪና ጀርባ ተቀምጬ ጠበቅሁ። መጀመሪያ አንድ ወንድ ገብቶ በላና ወጣ። ከዚያ እርሷ መጣች፤ አንገቷን አስግጋ አሸተተች፣ ተመለሰች፣ እንደገና መጣች። አራቱም እግሮቿ ከክፈፉ ሥር ገብተው ራሷን ሣህኑ ላይ ስትደፋ ገመዱን ሳብኩት። ወዲያው ክፈፉን በአንሶላ ሸፍነን፣ ባዶውን ወጥመድ በሩን ከክፈፉ በር ጋር አጋጥመን ሳንሸፍነው አስቀመጥን፤ ብርሃኑ መውጫ መስሏት ሮጣ ገባች። ይህን ሁሉ ያደረግነው እኔና የ12 ዓመት ልጄ ነን፤ ይህን ሥራ ከመጀመሬ በፊት በሕይወቴ ወጥመድ ነክቼ እንደማላውቅ ልብ ይበሉልኝ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪሙን ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛው የእብድ ውሻ ክትባት በዚያው ማደንዘዣ ላይ እንዳሉ እንዲሰጣቸው ነው። ሁለተኛው የግራ ጆሯቸው ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲቆረጥ ነው፤ ደንዝዘው ሳሉ ስለሚደረግ አያማቸውም፣ ከሩቅም የመከነችው ትለያለች። ይህን ምልክት ያልተደረገላት አንዲት ድመት እንደገና ይዤ፣ ሆዷ ተላጭቶ ጠባሳው እስኪታይ ድረስ በከንቱ እንድትደነዝዝ ማድረጌ ይቆጨኛል። የምታጠባ ድመት መሆኗን ካወቁም አስቀድመው ይንገሩ፤ ልጆቿ የትም ተደብቀው ስለሚጠብቋት እንደነቃች ሐኪሙ የፈቀደበት ቀዳሚ ሰዓት ላይ ይመልሷት።

ከሕክምናው በኋላ ወንዶቹ አንድ ሌሊት፣ ሴቶቹ ሁለት ሌሊት ያህል በዚያው በተሸፈነው ወጥመድ ውስጥ፣ ሞቅ ባለና ጸጥ ባለ ክፍል ይቆዩ። በእኛ ቤት ይህ ክፍል መታጠቢያ ቤቱ ነበር፤ ቤተሰቡ በሙሉ ሁለት ቀን በወጥ ቤት ታጥቧል። በደንብ ሳይነቁ ምግብ አይስጧቸው። ወንዶቹ ከመከኑ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ማስረገዝ ስለሚችሉ በዚያ ወቅት የሚፈጠር እርግዝና አያስደንግጥዎት። ከሁሉ በላይ ደግሞ እያንዳንዷን ከተያዘችበት ቦታ እንጂ ከሌላ አይልቀቁ።

እናቲቱን የለቀቅኳት እሑድ ማለዳ ነው። የወጥመዱን በር ወደምትሸሽበት አጥር አዙሬ ከፈትኩላት፤ እንደ መጀመሪያው ጊዜ በአንድ ዝላይ አለፈች። ሁለት ቀን አልታየችም። በሦስተኛው ቀን ማታ ምድር ቤት የሚኖሩት እናት በሬን አንኳኩተው፣ ጆሮዋ የተቆረጠው ከሌሎቹ ጋር እየበላች መሆኗን ነገሩኝ።