መልስ፦ ያለ ወልወል ደሴ ትደበደብ ነበር?

ወንድሜ፣ «ወልወል ላይ (በኦጋዴን፣ የኢትዮጵያና የጣሊያን ጦር የተጋጩበት ቦታ) ተኩስ ባይከፈት ኖሮ ጣሊያን ደሴን በቦምብ ትመታ ነበር ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ትመታ ነበር እላለሁ። የወልወል ግጭት የሆነው ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1934) ነው፤ ደሴ የተደበደበችው ልክ በዓመቱ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.። የጣሊያን የቅኝ ግዛት ሚኒስትር የነበረው ጄኔራል ዴ ቦኖ ግን እ.ኤ.አ. በ1932 ኤርትራን ጎብኝቶ የወረራውን ዕቅድ ማሰናዳት ጀምሮ ነበር። ወልወል ሰበብ ሆነ እንጂ መነሻ አልነበረም።

መነሻውን ሮም ውስጥ ፈልገው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሙሶሊኒ በ1922 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በ1924 የምርጫውን ማጭበርበር በፓርላማ ያጋለጠው የሶሻሊስት ፓርቲው እንደራሴ ማቴዎቲ ተገደለ። በ1926 ተቃዋሚ ፓርቲዎችና ጋዜጦች ታገዱ። ከ1933 ጀምሮ ደግሞ የጦር፣ የባሕርና የአየር ኃይል ሚኒስቴሮችን ሦስቱንም ራሱ ያዘ። እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ፦ የጦርነቱን ወጪ የሚጠይቅ ፓርላማ የለም፣ የሟች ቁጥር የሚጽፍ ጋዜጣ የለም፣ «ይቅር» የሚል የጦር ሚኒስትር የለም። የጣሊያን ንጉሥ ቢኖርም ዝም አለ። ታኅሣሥ 1934 መጨረሻ ላይ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሙሉ በሙሉ ለመያዝ የሚያዝዝ ምስጢራዊ መመሪያ ሲያወጣ የሚያግደው አልነበረም።

ከውጭም የገታው የለም። የመንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ ነዳጅን አልነካም፤ የስዊዝ ቦይም ክፍት ነበር። ማዕቀቡ በሐምሌ 1936 ተነሳ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ሙሶሊኒ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጄኔራል ፍራንኮን ለመርዳት አውሮፕላኖቹን ላከ። በሰኔ 1940 ሕዝቡን ወደ ዓለም ጦርነት አስገባ።