ጠቆር ያለው በርሜል

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። አዲስ አበባ ኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። «ጋሼ፣ የላብራቶሪ ደብተር በእጅ መያዝ አሁንም ያስፈልጋል? ማሽኑ ራሱ ሁሉንም ይመዘግብ የለ?» ትላለች። ሁለት መስመር መልሼላት ልተኛ ነበር። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ወደ ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ከናፍጣ ውስጥ ድኝ ማውጣት ነው። ሥራዬን ለዘመድ ማስረዳት ሁሌም ያስቸግረኛል። ቶሎ የገባው አጎቴ ብቻ ነው። የቦቴ ሹፌር ነበር፤ ከአሰብ ማጣሪያ እየጫነ በሚሌና በኮምቦልቻ አድርጎ ይመጣል። ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ ስለሚል እናቴ አልጋ ላይ አታስቀምጠውም። እኔ ግን ሽታውን እወደው ነበር። ወደዚህ ሙያ የመራኝ አፍንጫዬ ሳይሆን አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ2002 ቴክሳስ ነበርኩ። አሜሪካ ከ2006 ጀምሮ የናፍጣ ድኝ በሚሊዮን ከ500 ክፍል ወደ 15 እንዲወርድ ወስና፣ ማጣሪያዎች ሁሉ ጭንቅ ላይ ናቸው። እኛም አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ላይ ያረፈ የኮባልትና የሞሊብዲነም ካታሊስት፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጡን የሚያፋጥን ነገር፣ እንሞክራለን። ናፍጣው ከሃይድሮጅን ጋር በ340 ዲግሪ ገደማ በላዩ ሲያልፍ ድኙ ይለቃል። ውጤታችን ከ10 በታች ነበር። ደስ ብሎናል። ጥር ላይ ያንኑ ካታሊስት አዲስ ሞልተን ስንጀምር 60 አለ። በማግስቱም 60።

የማታ ፈረቃው ኦፕሬተር ዕድሜውን ማጣሪያ ውስጥ የጨረሰ የሉዊዚያና ሰው ነው። ጠዋት ሲወጣ አስቆመኝና «ዶክ፣ አዲሱ በርሜል ከበፊቱ ጠቆር ይላል» አለኝ። የምንሞክረው ናፍጣ የመጣበት በርሜል ነው። አብሮት የመጣውን ወረቀት አየሁ። የድኙ መጠን ከድሮው ጋር አንድ ነው። «ቀለም ዳታ አይደለም» አልኩት። ፈገግ ብዬ ነው ያልኩት። ከቃሉ ይልቅ ያ ፈገግታ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ። እሱም ፈገግ አለና ምሳ ዕቃውን ይዞ ሄደ።

ሪአክተሩን፣ ካታሊስቱ የሚገባበትን ዕቃ፣ የሞላው እሱ ነበር። አሞላሉ ክፍተት ካለው ዘይቱ በዚያ ሾልኮ ያልፋል፤ ካታሊስቱን በደንብ ሳይነካ ይወጣል። ስለዚህ ሪፖርት ላይ ምክንያቱን «የኦፕሬተር ስህተት» ብዬ ጻፍኩ። አልጠየቅኩትም። እሱም ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። እኛ አራት ወር ሙሉ ሪአክተር እየሞላን እየደፋን ከረምን። 60፣ 65፣ 60።

ግንቦት ላይ አንድ ሰው፣ ሌላ ነገር ፈልጎ፣ የበርሜሉን ናይትሮጅን ለካ። ከድሮው ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አቅራቢው ከክራኪንግ ክፍል፣ ከባዱ ዘይት ከሚሰባበርበት፣ የወጣ ዘይት ቀላቅሎበት ኖሯል። ያ ዘይት ደግሞ ጠቆር ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከ15 በታች ለመውረድ መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ግትር የድኝ ውህዶች ናቸው። እነሱን ለማላቀቅ መጀመሪያ የአተሞቻቸው ቀለበት ሃይድሮጅን መውሰድ አለበት። ናይትሮጅን ያላቸው ውህዶች ግን እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ቀድመው ገብተው ካታሊስቱ ላይ መቀመጫውን ይይዛሉ። ቶሎ አይወርዱም። ድኙ ፌርማታ ላይ ይቀራል።

ያን ቀን የጥርን የፈረቃ መዝገብ አወጣሁ። ማሽኑ ያተመው ቁጥር ሁሉ በሥርዓት ተደርድሯል። ዳር ላይ በእርሳስ፣ በዚያ በተንጋደደ ጽሑፉ፣ «አዲስ በርሜል። ጠቆር ያለ። ለዶክ ነግሬዋለሁ» ይላል።

ጠንክራችሁ አጥኑ፣ እንግሊዝኛችሁን አሻሽሉ አልላችሁም፤ እሱን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። ግን የዛሬ ልጆች አንድ ነገር ታበሳጩኛላችሁ። ግራፉን ሳታዩት ስክሪንሾቱን ትልኩታላችሁ። ናሙናው ምን ይመስል ነበር ስል «ፋይሉ ውስጥ አለ» ትሉኛላችሁ። ደግሞ ምን አፍ አለኝ? እኔ በዕድሜያችሁ ከእናንተ ብሼ ነበር። ይህችን ልጅ የሚያህል ጥያቄም ጠይቄ አላውቅም።

እና ልጄ፣ አዎ፣ በእጅሽ ጻፊ። ማሽኑ የሚመዘግበው ያዘዝነውን ብቻ ነው። ቀለም መዝግብ ያለው የለም። እውነቱን ልንገርሽና፣ እኔ ራሴ ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ ስልኬ ላይ ነው የምጽፈው። አንቺ ግን ጻፊ። የበርሜሉን ቁጥርም አትርሺ።

ሰኔ ላይ አዲስ ሪፖርት አወጣሁ። «የናፍጣው ናይትሮጅን ከፍተኛ ነበር» ይላል፤ ማን ቀድሞ እንዳየው አይልም። ይቅርታ ልጠይቀው ወደ ክፍሉ ስሄድ ጡረታ ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል አሉኝ። ስልኩን መጠየቅ እችል ነበር። ነገ እጠይቃለሁ አልኩ።

የጥር ወሩ ሪፖርት ዛሬም መዝገብ ቤት አለ። ስሙ ከነማዕረጉ ተጽፏል፤ ከጎኑ «የኦፕሬተር ስህተት» ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ።