አሰልጣኙ በሰው ፊት ይመዝነናል ላልሽው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለተኛ ዓመት ነሽ፤ ለግቢያችሁ ቡድን 5 ሺህ ሜትር ትሮጫለሽ። አሰልጣኙ ሰኞ ሰኞ ወንዶቹ ባሉበት ሚዛን ላይ ያቆማችኋል፤ ኪሏችሁንም ጮክ ብሎ ይጠራል። የጨመረች ሴት ሳምንቱን ሙሉ በቅጽል ስም ትጠራለች። ለጓደኞችሽ ስትነግሪ «ሻምፒዮን እንዲህ ነው የሚወጣው፣ ቻይው» አሉሽ። ጥያቄሽ ይህ ነው፦ ልታገስ ወይስ ቡድኑን ልልቀቅ? ብናገርስ ከግቢው የስፖርት ፌስቲቫል ዝርዝር ይሰርዘኛል?

መልሴን አላዘገይም። አትታገሺው። ሩጫውን ግን በእሱ ምክንያት እንዳትተዪ። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ለግቢ ቡድን ሮጫለሁ፤ አሁን ሐረር እያስተማርኩ ታዳጊዎችን አሰለጥናለሁ። በሁለት አሰልጣኞች እጅ አልፌያለሁ። የማንንም ስም አልጠራም፣ የግቢውንም አልናገርም። ልዩነታቸውን ግን ልንገርሽ፤ ጓደኞችሽ ያደባለቁት እሱን ነውና።

ብዙ ሰው ኃይለኛ አሰልጣኝና ተሳዳቢ አሰልጣኝ አንድ ይመስሉታል። አይደሉም። ሁለተኛው አሰልጣኛችን ከመጀመሪያው ይበልጥ ኃይለኛ ነበር። ድሬ ላይ ፀሐይዋን ታውቂያታለሽ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ካለፈ አስፋልቱ ራሱ ይገፋሻል። ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትራክ ላይ ነበርን። አምስት ደቂቃ ያረፈደ ወደ ዶርሙ ይመለሳል፣ ልመና የለም። ኢንተርቫል ላይ፣ ፈጣን ዙሮችን በእረፍት እየቆራረጥን ስንሮጥ ማለት ነው፣ አንድ ዙር ካበላሸሽ ትደግሚዋለሽ። አንዴ ለትልቅ ውድድር ሳይመርጠኝ ቀረ። ለብቻዬ ጠርቶ የሁለት ወር ሰዓቶቼን በወረቀት አሳየኝና «ከእነዚህ ልጆች በዚህ ያህል ሰከንድ ወደ ኋላ ነሽ፣ በዚህ በዚህ ላይ ሥሪ» አለኝ። አለቀስኩ፤ ግን አመንኩት። ስለ ሰውነቴ አንድም ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ልፋቱ ሲበዛብኝ ነግሬዋለሁ፣ ሲያመኝም ነግሬዋለሁ።

እኔ አሰልጣኝን የምመዝነው በዚህ ነው። ሲያምሽ ትነግሪዋለሽ ወይስ ትደብቂዋለሽ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች። በስድብ የሚመራ ቡድን ውስጥ ደግሞ ሁሉም ይደብቃል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ቺኩንጉንያ ድሬን እንዴት እንዳመሳት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ያልገባበት ሰፈር አልነበረም። ትኩሳቱ በቀናት ይለቃል፤ የመገጣጠሚያ ሕመሙ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዱ ላይ ወራት ይቆያል። ከቡድናችን አንዷ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ መጣች። የመጀመሪያው አሰልጣኝ «አታስመስዪ፣ ከተማው ሁሉ ታሟል» አላት፣ ሁላችንም ፊት። ከዚያ ቀን ወዲህ አሞኛል ያለ ሰው አልነበረም። ማስታገሻ እየዋጥን ትራክ ላይ እንቆም ነበር። እሱ ቡድኑ የዳነ መሰለው። እኛ ግን መናገር ነበር ያቆምነው። ልጅቷ ያን ዓመት አንድም ውድድር ሳትሮጥ ቀረች፤ ቀጥሎም ሩጫውን ተወችው። ዛሬም ስታስበው ያንገበግባታል።

አሁን ወደ ሚዛኑ ልምጣ፤ የአንቺ ጥያቄ እሱ ነውና።

አሰልጣኝሽ ኪሎ ሲቀንስ ሰዓት ይቀንሳል ብሎ ያምን ይሆናል። ነገሩን አደገኛ የሚያደርገው መጀመሪያ ላይ እውነት መምሰሉ ነው። አንዳንዷ ከስታ ለጥቂት ወራት ትፈጥናለች፤ ሌሎቹም እሷን እያዩ መብላት ይተዋሉ። ሰውነት ግን ለሩጫው ያወጣውን ጉልበት በምግብ ካልተካሽለት ከሌላ ቦታ ይቆርጣል። የወር አበባ ይዛባል፣ ይቀራል። አጥንት ይሳሳል። ቁስል ቶሎ አይድንም፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ጉንፋን አይለቅሽም። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህ ችግር ሬድ ኤስ የሚል ስም ሰጥቶታል፤ ወንዶችንም እንደሚያጠቃ አብሮ ገልጿል። ስለዚህ ለሴቶች ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም።

የወር አበባ መቅረቱን «ጥሩ ኮንዲሽን ላይ ነኝ ማለት ነው» ብለው የሚያወሩ ልጆች ሰምቻለሁ። እባክሽን እንዳታምኚያቸው። ሦስት ወር ከቀረብሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ቅልጥምሽ ላይ በአንድ ጣት ጠቁመሽ የምታሳዪው፣ ስትነኪው የሚያም፣ ስታርፊም የማይተውሽ ሕመም ካለ ሩጫ አቁሚ። ስትረስ ፍራክቸር የሚሉት ቀጭን ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ አካባቢ ራጅ ላይ ላይታይም ይችላል። አሰልጣኙ «ራጁ ንጹህ ነው፣ ሩጪ» ካለሽ አትስሚው። የደምሽንም መጠን አስለኪ። ከእኛ መካከል «ሰነፍ» እየተባለች የከረመች ልጅ ነበረች፤ ክሊኒክ ስትሄድ ደም ማነስ ሆኖ ተገኘ። እንክብልና ምስር ነበር የሚያስፈልጋት። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር መጠጣትም አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሳል፤ ለአንድ ሰዓት ያህል አዘግዪው።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስልሽ። ሜሪ ኬን የምትባል አሜሪካዊት በ17 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና 1,500 ሜትር ፍጻሜ ላይ የሮጠች ልጅ ናት። አሰልጣኝ አልቤርቶ ሳላዛር ይመራው የነበረው የናይኪ የሯጮች ቡድን፣ የኦሬገን ፕሮጀክት፣ ወሰዳት። እ.ኤ.አ. በ2019 በአደባባይ ስትናገር ጓደኞቿ ፊት እየተመዘነች ትሸማቀቅ እንደነበር፣ የወር አበባዋ ለሦስት ዓመት እንደቀረና አምስት አጥንቶቿ እንደተሰበሩ ገለጸች። ሳላዛር አስተባብሏል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2021 በስፖርት ውስጥ የሚደርስ በደልን የሚመረምረው የአሜሪካ ሴፍ ስፖርት ማዕከል በሥነ ምግባር ጥሰት ለዘለቄታው አገደው። በዚያው ዓመት የኦሬገን ዩኒቨርሲቲ ሯጮች የነበሩ ሴቶች በቡድናቸው ይደረግ የነበረው የሰውነት ስብ ልኬት ከምግብ ጋር እንዳጣላቸው ተናገሩ። ያ ግቢ ገንዘብ ሞልቶታል፣ መሣሪያውም ዘመናዊ ነው። የእናንተ የጥራጥሬ ሚዛን ይሆናል። የሚያደርሰው ጉዳት ግን ያው ነው።

«ሻምፒዮን እንዲህ ነው የሚወጣው» ለሚሉሽ አቴንስን አስታውሺያቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 በ10 ሺህ ሜትር ኃይሌ በእግሩ ሕመም ወደ ኋላ ሲቀር ቀነኒሳና ስለሺ ፍጥነታቸውን ገታ አድርገው ጠበቁት። እስኪደርስባቸው ጠበቁት፣ ከዚያም ሄዱ። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር አመጡ፤ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። ከዚያ ውድድር የሚታወሰኝ ወርቁ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ዞር ዞር እያሉ ሲያዩት ነው። እንዲህ ያለ መተሳሰብ ውድድር ቀን ድንገት አይመጣም። የሚለመደው በልምምድ ነው፦ ተሰልፎ በመሮጥ፣ የፊተኛውን እግር በመጠበቅ፣ በተራ በመምራት።

የመጀመሪያው ቡድናችን ይህን አጥቶ ነበር። ቀላል ሩጫ የሚባል ነገር አልነበረንም። አሰልጣኙ ማንን እንደሚያበሻቅጥ ስለማይታወቅ ሁሉም በየቀኑ ማጣሪያ ይሮጥ ነበር። የማገገሚያ ቀን ላይ እንኳ አንዱ ይፈተለካል፣ ሌላው ይከተላል። ውድድር ሲደርስ እግር የለም። መምራትም የሚፈልግ አልነበረም፤ የመራ ይደክማል፣ የደከመ ይሰደባላ። ሁለተኛው አሰልጣኝ ሲመጣ መጀመሪያ ያደረገው ቀላሉን ሩጫ በእውነት ቀላል ማድረግ ነበር። እያወራችሁ ሩጡ፣ ማውራት ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል አለን። በሳምንት አንዴ በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጥተን ሐረማያ ላይ ረጅሙን እንሮጥ ነበር። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረማያ 2,000 አካባቢ። አየሩ ራሱ ያስተካክልሻል፤ ላሳይ ያለ ሁሉ ሦስተኛው ኪሎሜትር ላይ ትንፋሹ ያጥረዋል።

አንድ ሌላ ጉዳይ አለ፣ በእኛ አካባቢ ብዙ የማይነሳ። በርጫው፣ አብሮ ጫት መቃሙ። ከሰዓት በኋላ አሰልጣኙና የሚቀርቡት ወንዶች አብረው ይቅማሉ፤ የቡድኑ ዝርዝር እዚያ ፍራሽ ላይ ይወጣል። ሴቶቹ የሉም፣ የማይቅሙትም የሉም። ማንም ሰው መቃሙን ልኮንን አይደለም የማነሳው፤ የጫት ገበያዋ አወዳይ ሥር አድጌ ይህን አልልም። ግን አሰልጣኝ ከሯጮቹ ጋር መቃም የለበትም። በዚያ ላይ ጫት ውስጥ ያለው ካቲን የዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ በውድድር ጊዜ ከከለከላቸው አበረታቾች አንዱ ነው፤ ሽንት ውስጥ ከተቀመጠው መጠን ካለፈ ያስቀጣል። ይህን ለልጆቹ መንገር የነበረበት እሱ ነው።

ጾምም አለ። የድሬና የሐረር ቡድን ማለት ግማሹ ረመዳን የሚጾም፣ ግማሹ ሁዳዴ የሚጾም ነው። «ጾም ሰበብ ነው» የሚል አሰልጣኝ ልጆቹን አያውቃቸውም። ሁለተኛው አሰልጣኛችን በረመዳን ከባዱን ልምምድ ከማፍጠሪያ በኋላ ያደርገው ነበር፣ ቀን ላይ ቀላል ብቻ። በሁዳዴ ለሚጾሙት ደግሞ ከልምምድ በኋላ ምን እንደሚበሉ ይጠይቅ ነበር፤ የካፌ ሽሮ ብቻ እንደማይበቃ ያውቃል። ያኔ ሁላችንም አንዳችን የሌላውን ጾም ማክበር ጀመርን። አቦ፣ እንዴት ደስ ይል እንደነበር!

ተሳዳቢዎቹ «የድሬ ሰው ግልጽ ነው፣ ሆድ ውስጥ አያስቀርም» እያሉ ይከላከላሉ። እውነት ነው፣ እኛ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» እንላለን፤ ያ ፍቅራችን ነው። የልጅን ጭን እያሳዩ ማሳቅ ግን ግልጽነት ሊባል አይችልም።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ብቻሽን አትሂጂ። ከሴቶቹ አንድ ሁለት ልጆች አነጋግሪ፤ እመኚኝ፣ አንቺ የሚያምሽ እነሱንም ያማቸዋል። ከዛሬ ጀምረሽ ቀኑን፣ የተባለውን ቃል፣ የነበሩትን ሰዎች ጻፊ። «ሁሌ ይሰድበናል» ስትያቸው ቢሮዎች ይሰላቻሉ፤ «በዚህ ቀን እንዲህ አለ፣ እነ እንትና ነበሩ» ስትያቸው ይጽፋሉ። መጀመሪያ ለራሱ መናገር ከቻላችሁ ከልምምድ ውጭ፣ በተረጋጋበት ሰዓት፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሞክሩ። ካልሆነ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ጀንደር ቢሮ፣ የተማሪዎች ዲን አሉ። ስትሄዱ «አሰልጣኙ ይባረር» ብላችሁ አትጀምሩ። ጠባብና ግልጽ ነገር ጠይቁ፦ በሰው ፊት መመዘን ይቁም፤ መመዘን ካስፈለገ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ለብቻ ትመዝን፤ ስለ ሰውነታችን የሚሰጥ ቅጽል ስም ይቁም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ እምቢ ማለት ለማንም ይከብዳል።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ሁሉ ይለያል። እጁን ካሳረፈ፣ ማታ ብቻሽን ከጠራሽ፣ ምርጫን ከሌላ ነገር ጋር ካያያዘ፣ ደረጃ በደረጃ የሚባል የለም። ከእሱ ጋር ምንም ሳትነጋገሪ በቀጥታ ጀንደር ቢሮ ሂጂ፣ ለቤተሰብም ንገሪ፤ ወንጀል ከሆነ ፖሊስ አለ።

ይሰርዘኛል ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ሊሞክር ይችላል። ስለዚህ ሰዓቶችሽን ከአሁኑ ያዢ። ልምምድ ላይ ሌላ ሰው ሰዓት ይያዝልሽ፣ ቀኑን አስፍሪ። ማጣሪያ ሁሉም ባለበት በሰዓት እንዲሆን ለስፖርት ክፍሉ በጽሑፍ ጠይቁ። ፈጥነሽ ከተሰረዝሽ ለማሳየት የሚበቃ ማስረጃ በእጅሽ አለ። ባይሳካ እንኳ የግቢ ፌስቲቫል ብቸኛው በር አይደለም፤ ክለቦች የሚያዩት ሰዓትሽን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሐረማያ ላይ የምንሮጥ ጥቂት ሴቶች አለን። ፍጥነታችን ይለያያል፣ ማንም ማንንም አይመዝንም። ከድሬ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከተነሳሽ ትደርሺብናለሽ። ኢንቦክስ ጻፊልኝ፣ የምንገናኝበትን ቦታ እልክልሻለሁ። ጓደኞችሽንም ይዘሻቸው ነዪ፣ «ቻይው» ያሉሽንም ጭምር።